ኔትወርክ በሌለበት የተመዘገበ የቡና ማሳ፦ የሥራ ወረፋ ላይብረሪ አሠራርና ፋይዳ

በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል፣ ከሚዛን ተፈሪ እስከ ቴፒ በሚዘልቀው የቡና ምድር፣ የአንድን አርሶ አደር ማሳ በስልክ መመዝገብ የጥቂት ደቂቃዎች ሥራ ነው። የተመዘገበው መረጃ ከስልኩ ተነሥቶ ወደ ማዕከላዊው የመረጃ ቋት ሳይጠፋ፣ ሳይዛባና ሳይደገም መድረሱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ማሳው የሚገኘው በጥላ ዛፍ ሥር ነው። ኔትወርኩ ምናልባት ከኮረብታው ወዲያ፣ ምናልባትም በወረዳው ከተማ ብቻ ይገኛል። አካባቢው በአገሪቱ ከፍተኛ ዝናብ ከሚያገኙት አንዱ በመሆኑ መንገዱ ይጨቀያል፤ የመዝጋቢው ባለሙያ ስልክ ባትሪም ከቀትር በኋላ መድከም ይጀምራል። በማሳውና በመረጃ ቋቱ መካከል ያለውን ይህን ክፍተት የሚሸፍነው፣ ብዙ ሰው በስሙ የማያውቀው፣ ሥራን በወረፋ የሚያስተዳድር የሶፍትዌር ላይብረሪ ነው።

በሶፍትዌር ሙያ ላይብረሪ የሚባለው አስቀድሞ የተጻፈና የተፈተነ የኮድ ስብስብ ነው። መተግበሪያ የሚያበለጽጉ ባለሙያዎች እንደገና ከመጻፍ ይልቅ ወስደው በራሳቸው ሥራ ውስጥ ያስገቡታል። የሥራ ወረፋ ላይብረሪ ደግሞ ከእነዚህ አንዱ ሲሆን ተግባሩም «አሁን ሊፈጸም ያልቻለን ሥራ መዝግቦ መያዝ፣ ሁኔታው ሲመቻች መፈጸም፣ ካልተሳካም እንደገና መሞከር» የሚል ነው። ተጠቃሚው አያየውም። በደንብ ሲሠራ መኖሩ አይታወቅም፤ ሳይኖር ሲቀር ግን «መረጃውን ልኬ ነበር» እና «አልደረሰንም» የሚል ክርክር በቀበሌና በወረዳ መካከል ይነሣል።

የክርክሩ ዋጋ ከፍ ያለው በቅርብ ዓመታት ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያጸደቀውና በቁጥር 2023/1115 የሚታወቀው ደንብ፣ ቡናን ጨምሮ ሰባት ሸቀጦች ወደ ኅብረቱ ገበያ ሲገቡ ከታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. በኋላ ደን ከተመነጠረበት መሬት ያልተመረቱ መሆናቸው እንዲረጋገጥ ያስገድዳል። ለዚህም እያንዳንዱ ቡናው የተመረተበት ማሳ መገኛ በኬክሮስና በኬንትሮስ መታወቅ አለበት። ስፋቱ ከ4 ሄክታር የማይበልጥ ማሳ በአንድ ነጥብ ሊመዘገብ ይችላል፤ ከዚያ የሚበልጠው ዙሪያ ድንበሩ ይለካል። የመገኛ ቁጥሩ ከነጥብ በኋላ ቢያንስ ስድስት አኃዞች ሊኖሩት ይገባል። (ስድስተኛው አኃዝ በመሬት ላይ ሲለካ አሥራ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በጥላ ዛፍ ሥር የቆመ ተራ ስልክ ደግሞ የሚሳሳተው በሜትሮች ነው፤ ስለዚህ ስድስቱ አኃዞች የልኬቱን ጥራት ሳይሆን የአጻጻፉን ሥርዓት ያሳያሉ ቢባል ከእውነት አይርቅም።) ደንቡ ተፈጻሚ የሚሆንበት ጊዜ ከአንድ ጊዜ በላይ ተራዝሟል፤ የማሳ ምዝገባው ሥራ ግን ቀነ ገደቡ በተራዘመ ቁጥር የሚቀር አይደለም።

ደንቡ መገኛው የታወቀን ቡና ካልታወቀ ጋር መቀላቀልን አይፈቅድም። በሸካ ዞን በየኪ ወይም በአንድራቻ ወረዳ የሚገኝ አንድ መሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበር ከብዙ አባላቱ የተረከበውን እሸት ቡና በአንድ ላይ ይፈለፍላል፣ በአንድ ላይ ያጥባል፣ በአንድ አልጋ ላይ ያደርቃል። ከአባላቱ የአንዱ ማሳ መረጃ በአንድ ስልክ ውስጥ ተቀርቅሮ ቢቀር ጥያቄ የሚነሣው በዚያ አርሶ አደር ጥቂት ኪሎ ግራም ቡና ላይ ብቻ አይሆንም፤ የእርሱ ቡና የተቀላቀለበት ጭነት በሙሉ ለጥያቄ ይጋለጣል። ማኅበሩ ይህን ለማስቀረት ሲል ያልተመዘገበውን አባል ቡና ለይቶ ማስቀረት ይገደዳል። አርሶ አደሩ ግን ማሳው ተለክቶ፣ ስሙ ተጽፎ፣ ፎቶግራፉ ሳይቀር ተነሥቶ ነበር።

እንደ በበቃና ቴፒ ያሉ ሰፋፊ የቡና እርሻዎች ችግሩ ብዙም አይነካቸውም። የአንድ ትልቅ እርሻ ድንበር አንድ ጊዜ ከተለካ በቢሮ ኮምፒዩተር ይላካል፤ መድረሱም ወዲያው ይረጋገጣል። ከባዱ ሥራ ያለው በአነስተኛ አምራቹ ዘንድ ነው። የጓሮ ቡና፣ ከፊል የጫካ ቡናና የጫካ ቡና በሚመረትባቸው የሸካ፣ የቤንች ሸኮና የካፋ ዞኖች ማሳዎቹ ትናንሽና የተበታተኑ ናቸው፤ አንድ አርሶ አደርም በተለያየ ሥፍራ ሁለት ሦስት ቁራሽ መሬት ሊኖረው ይችላል። የምዝገባው ብዛት በሺዎች የሚቆጠረው በዚህ ምክንያት ነው።

የካርድ ሣጥኑ ትምህርት

ሥራን በወረፋ የመያዝ አስተሳሰብ ለአገራችን የመንግሥት አገልግሎት እንግዳ አይደለም። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በጤና ኬላዎች የዘረጋው የቤተሰብ ማኅደር አሠራር በወራት የተከፋፈለ የካርድ ሣጥን አለው። የአንዲት ነፍሰ ጡር እናት ወይም ክትባት የጀመረ ሕፃን ካርድ የሚቀመጠው ቀጣዩ ቀጠሮ በሚውልበት ወር ክፍል ውስጥ ነው። አገልግሎቱ ሲሰጥ ካርዱ ይሞላና ወደሚቀጥለው ቀጠሮ ወር ይዛወራል። ወሩ ሲያልቅ በክፍሉ ውስጥ የቀረ ካርድ ካለ ቀጠሮው ያልተፈጸመለት ሰው አለ ማለት ነው፤ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋም ካርዱን ይዛ ወደ ቤቱ ትሄዳለች።

የሣጥኑ ብልሃት ያልተፈጸመው ሥራ ራሱን እንዲያሳይ ማድረጉ ነው። ባለሙያዋ ብትታመም ወይም ብትዛወር ተተኪዋ ሣጥኑን ከፍታ ምን እንደቀረ ታያለች፤ ማንም ማስታወስ አይጠበቅበትም። ጥሩ የሥራ ወረፋ ላይብረሪም በመሠረቱ እንዲህ ያለ ሣጥን ነው። ልዩነቱ ካርዱን የሚያነሣውና የሚመልሰው ሰው ሳይሆን ስልኩ መሆኑ ነው።

በስልኩ ውስጥ የሚሆነው

በአንድሮይድ ስልኮች ላይ ይህን ተግባር በስፋት የሚያከናውነው ላይብረሪ ወርክማናጀር ይባላል። ጉግል ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ2018 ሲሆን የመጀመሪያው የተረጋጋ ዕትም በቀጣዩ ዓመት ወጥቷል። ከእርሱ በፊት የስልክ መተግበሪያዎች ለዚሁ ሥራ የተለያዩ ዘዴዎችን ይጠቀሙ ነበር፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ በአንዱ የአንድሮይድ ዕትም ሠርተው በሌላው የሚከሽፉ ነበሩ። በተለይ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው አንድሮይድ 6 ባትሪ ለመቆጠብ ሲል ሥራ ፈትቶ የተቀመጠን ስልክ የጀርባ ሥራዎች ማገድ ከጀመረ በኋላ፣ መተግበሪያው ተዘግቶ እያለ መረጃ መላክ የራሱ ሕግ ያለው ሥራ ሆኗል። ወርክማናጀር ይህን ሕግ አውቆ የሚሠራ ነው።

አሠራሩን ለመረዳት በቴፒ ዙሪያ በአንዲት ቀበሌ ውስጥ ማሳ የሚመዘግብ የልማት ጣቢያ ሠራተኛን ማሰብ ይጠቅማል። ባለሙያው ቅጹን ሞልቶ ሲጨርስ መተግበሪያው ቅጹን በስልኩ ማኅደር ውስጥ ያስቀምጣል፤ ከዚያም ለላይብረሪው «ይህን ቅጽ ላክ» የሚል ትእዛዝ ይሰጠዋል። ትእዛዙ ወዲያው አይፈጸምም። ላይብረሪው በመጀመሪያ በስልኩ ውስጥ ባለ አነስተኛ የመረጃ ቋት ላይ ይጽፈዋል። የሚጽፈውም የቅጹን መለያና ጥቂት ተጨማሪ ዝርዝር ብቻ ነው፤ ለአንድ ትእዛዝ የሚፈቅደው የመረጃ መጠን ከ10 ኪሎ ባይት ገደማ አይበልጥም። ፎቶግራፉና የማሳው ድንበር በማኅደራቸው ይቆያሉ፤ በወረፋው ውስጥ ያለው ካርዳቸው ነው። ትእዛዙ በማስታወሻ ላይ ሳይሆን በቋት ላይ የተጻፈ በመሆኑ ስልኩ ባትሪ ጨርሶ ቢጠፋና በማግስቱ ቢበራ እንኳ ወረፋው እንዳለ ይገኛል።

ቀጥሎ የሚመጣው ሁኔታን መጠበቅ ነው። መተግበሪያውን የሠራው ባለሙያ «ኔትወርክ ሲኖር»፣ «ባትሪው ዝቅተኛ ካልሆነ»፣ «ስልኩ ቻርጅ ላይ ሲሆን» የሚሉ ቅድመ ሁኔታዎችን ከትእዛዙ ጋር ማያያዝ ይችላል። እዚህ ላይ የቦታው ዕውቀት ከፕሮግራም ዕውቀት ይበልጣል። ለአዲስ አበባ ቢሮ የተዘጋጀ መተግበሪያ «ክፍያ በሌለው ዋይፋይ ብቻ ላክ» የሚል ሁኔታ ቢኖረው ጉዳት የለውም፤ ዋይፋይ በማይገኝበት የገጠር ቀበሌ ግን ይኸው አንድ መሥመር ወረፋውን ለሳምንታት ያስቆማል። በተቃራኒው ማንኛውንም ኔትወርክ የሚቀበል ሆኖ ከባድ ፎቶግራፎችን የሚልክ መተግበሪያ የባለሙያውን የዳታ ሒሳብ በአንድ ቀን ይጨርሳል። የማሳውን መገኛና ስም በአንድ ሥራ፣ ፎቶግራፉን በሌላ ሥራ ለያይቶ ለየራሳቸው ሁኔታ መስጠት የተሻለ መፍትሔ ነው፤ መገኛው ጥቂት ባይት ስለሆነ በደካማ ኔትወርክም ይደርሳል።

ኔትወርኩ መጥቶ መላኩ ባይሳካስ? ሥራውን የሚያከናውነው የኮድ ክፍል ለላይብረሪው ከሦስት መልሶች አንዱን ይመልሳል፦ ተሳክቷል፣ ከሽፏል፣ ወይም እንደገና ይሞከር። «እንደገና ይሞከር» ሲባል ላይብረሪው በነባር ቅንብሩ 30 ሰከንድ ይጠብቃል፤ ድጋሚ ካልተሳካ አንድ ደቂቃ፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ አራት እያለ እጥፍ እየጨመረ ይሄዳል፤ ጣሪያውም አምስት ሰዓት ነው። የጥበቃው ጊዜ እጥፍ እየሆነ መሄዱ ያለ ምክንያት አይደለም። የአንድ አካባቢ የኔትወርክ ማማ ቀኑን ሙሉ ተቋርጦ ሲመለስ፣ በዙሪያው ያሉ ስልኮች ሁሉ በየሰከንዱ ቢያንኳኩ እንደገና የሚያጨናንቁት ራሳቸው ይሆናሉ።

መረጃ በዝምታ ሊጠፋ የሚችልበት ዋናው ቦታ የሦስቱ መልሶች አመራረጥ ነው። ከሽፏል የተባለ ሥራ አይደገምም። የኔትወርክ መቋረጥን «ከሽፏል» ብሎ የሚመልስ መተግበሪያ በመጀመሪያው እንቅፋት ሥራውን ይጥለዋል፤ ካርዱ ከሣጥኑ ወጥቶ ይጣላል እንደ ማለት ነው። በሌላ በኩል ስሕተት ያለበትንና ሰርቨሩ ፈጽሞ የማይቀበለውን ቅጽ «እንደገና ይሞከር» የሚል መተግበሪያ ያንኑ ቅጽ እስከ ወዲያኛው ሲልክ ይኖራል፤ ባለሙያውም ስሕተቱን እንዲያርም የሚነግረው የለም። ላይብረሪው ሦስቱን መልሶች ያቀርባል፤ የትኛው ለየትኛው ችግር እንደሚሰጥ የሚወስነው ግን ሰው ነው። መተግበሪያ የሚያስገነባ መሥሪያ ቤት ለአቅራቢው ከሚያቀርባቸው ጥያቄዎች መካከል ይህ ከመጀመሪያዎቹ ሊሆን ይገባል።

ሁለት ጊዜ የደረሰ ማሳ

ከመጥፋት ባልተናነሰ የሚጎዳው መደገም ነው። ስልኩ ቅጹን ይልካል፤ ሰርቨሩ ተቀብሎ ይመዘግባል፤ «ደርሶኛል» የሚለው መልስ በመመለስ ላይ ሳለ ግን ኔትወርኩ ይቋረጣል። ስልኩ መልስ ስላላገኘ አልደረሰም ብሎ ይደምድማል፤ ወረፋውም እንደ ታዘዘው እንደገና ይልካል። ሁለቱም በትክክል ሠርተዋል፤ ውጤቱ ግን በመዝገቡ ላይ የአንድ አርሶ አደር አንድ ማሳ ሁለት ሆኖ መታየቱ ነው። ከዚያ በኋላ የማኅበሩ ማሳ ከእውነተኛው ይበዛል፤ ከማሳው ሊገኝ የሚችለው የምርት ግምትም ይጋነናል። እንዲህ ያለ መዝገብ ሲመረመር ጥርጣሬ ላይ የሚወድቀው አርሶ አደሩ ነው፤ ድግግሞሹ የመጣው ግን ከማማው ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ቅጽ ገና በስልኩ ላይ ሲፈጠር የማይደገም መለያ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ሰርቨሩም ያንኑ መለያ ሁለተኛ ጊዜ ሲያይ «አስቀድሞ ደርሶኛል» ብሎ አዲስ መዝገብ ሳይከፍት ያልፈዋል። መለያው መሰጠት ያለበት በስልኩ ላይ መሆኑ ወሳኝ ነው፤ ሰርቨሩ ሲቀበል የሚሰጠው ቁጥር ለሁለቱ ቅጂዎች ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ይሆናልና።

ይህን አሠራር በተግባር ማየት ለሚፈልግ ኦዲኬ ኮሌክት የተሰኘው ነፃ የመስክ መረጃ መሰብሰቢያ መተግበሪያ ጥሩ ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ይህ ፕሮጀክት በኢትዮጵያም ለጤናና ለሥነ ሕዝብ ጥናቶች አገልግሏል። ኮዱ ለሁሉም ክፍት በመሆኑ የጀርባ ሥራዎቹን በወርክማናጀር እንደሚያስተዳድር ማንም ከፍቶ ማንበብ ይችላል። እያንዳንዱ ቅጽ ሲጀመር የራሱ መለያ ይሰጠዋል። ያልተጠናቀቁ፣ ለመላክ የተዘጋጁና የተላኩ ቅጾች በተለያዩ ዝርዝሮች ይቀመጣሉ፤ ይህም ከካርድ ሣጥኑ ጋር ያለውን ዝምድና ግልጽ ያደርገዋል። የማሳ ነጥብና ዙሪያ ድንበር የመመዝገቢያ ጥያቄዎችም አሉት። ሆኖም በራሱ የመላክ ምርጫ በቅንብሩ ውስጥ ካልተከፈተ ላይብረሪው ቢኖርም ሥራ የሚሰጠው የለም፤ ቅጾቹ ባለሙያው በእጁ እስኪልካቸው ይጠብቃሉ። ሥልጠና ሲሰጥ ይህን አንድ ምርጫ አለማሳየት ከብዙ የቴክኒክ ጉድለት የከፋ ነው።

በሰርቨሩ በኩል

ቅጹ በደረሰበት ሥፍራም ሌላ ወረፋ አለ። የደረሰው ማሳ ከጎረቤት ማሳ ጋር መደራረቡ፣ በተከለለ ደን ውስጥ መውደቁ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ከነበረው የደን ሽፋን ካርታ ጋር ሲነጻጸር የሚታየው ለውጥ መመርመር አለበት። ይህ ጊዜ የሚወስድ ስሌት ነው። ስልኩ ስሌቱ እስኪያልቅ ግንኙነቱን ይዞ ቢጠብቅ ደካማው ኔትወርክ ይቋረጣል፤ ስለዚህ ሰርቨሩ ቅጹን ይረከባል፣ መረከቡን ወዲያው ያሳውቃል፣ ምርመራውን ግን ለወረፋ ይተወዋል።

በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ለሚሠሩ ሰርቨሮች ከታወቁት የወረፋ ላይብረሪዎች አንዱ ሴለሪ ነው። አስክ ሶለም የተባለ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2009 ለሕዝብ ያቀረበው ይህ ላይብረሪ ሥራዎችን እንደ ሬዲስ ወይም ራቢት ኤምኪው ባለ የመልእክት አደራዳሪ በኩል ለብዙ ሠራተኛ ፕሮግራሞች ያከፋፍላል። በቡና መልቀሚያ ወቅት የምዝገባው ብዛት ሲጨምር ሠራተኛ ፕሮግራሞችን መጨመር ይቻላል፤ ወቅቱ ሲያልፍም ይቀነሳሉ።

ሴለሪን ለሚጠቀሙ መሥሪያ ቤቶች አንድ ነገር ማሳሰብ ተገቢ ነው። በነባር ቅንብሩ ሠራተኛው ፕሮግራም «ሥራውን ተረክቤያለሁ» የሚለው ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ነው። በመሐል መብራት ቢጠፋ ሥራው ከወረፋው ተነሥቷል፤ ውጤትም የለውም። ርክክቡ ሥራው ካለቀ በኋላ እንዲሆን የሚያደርግ ቅንብር አለ፤ ይህ ሲመረጥ የተቋረጠው ሥራ ለሌላ ሠራተኛ ይሰጣል። የመብራት መቆራረጥ ባለበት ሁኔታ ሁለተኛውን መምረጥ ይሻላል። በእርግጥ ያን ጊዜ አንድ ሥራ ሁለት ጊዜ ሊፈጸም ስለሚችል ምርመራው ቢደገምም ውጤቱ የማይለወጥ ሆኖ መጻፍ አለበት።

በሸካና በካፋ የሚደረገው ምርመራ በተለይ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የሸካ ደን በ2004 ዓ.ም.፣ የካፋ ደን ደግሞ በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭነት ተመዝግበዋል፤ በዙሪያቸውም ቡና በደን ጥላ ሥር ይመረታል። ከሳተላይት ሲታይ ጥላ ዛፍ ያለው የቡና ማሳና ደን በቀላሉ አይለዩም። ስለዚህ ወረፋው «አጠራጣሪ» ያለው ማሳ ሁሉ ወደ ሰው የሚመራበት መንገድ ሊኖር ይገባል። ማሽኑ በራሱ የሚዘጋው መዝገብ ቦታውን የማያውቅ ዳኛ የሰጠው ፍርድ ነው።

ሰዓትና ቀን

የሥራ ወረፋ ላይብረሪዎች የተሠሩት በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ነው። «በየወሩ መጀመሪያ ቀን ሪፖርት አዘጋጅ» የሚል ትእዛዝ ጃንዋሪ 1ን እንጂ ጥር 1ን አያውቅም፤ አምስት ወይም ስድስት ቀን ያላት ጳጉሜንም በመዝገቡ የለችም። ሰዓቱም እንዲሁ ነው። በአገራችን አነጋገር «ከምሽቱ 2 ሰዓት» የሚባለው በላይብረሪው ዘንድ 20፡00 ነው፤ ሰርቨሩ በዓለም አቀፍ ሰዓት የሚሠራ ከሆነ ደግሞ 17፡00 ተብሎ ይጻፋል። ሪፖርቱ ለምሽት ታስቦ ጎሕ ሲቀድ ቢመጣ መንስኤው ብዙ ጊዜ ከዚህ አያልፍም። አስተማማኙ ዘዴ ሰዓትን በዓለም አቀፍ መለኪያ መመዝገብ፣ ወርኃዊ ሥራን ደግሞ በየቀኑ እንዲነሣ አድርጎ «ዛሬ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ወር ገብቷል ወይ?» ብሎ እንዲጠይቅ ማድረግ ነው። ጥቂት መሥመር ኮድ ነው፤ የጳጉሜንን ሪፖርት ግን ያድናል።

ላይብረሪው የማይሸከመው

ወረፋው የሚጠብቀው በስልኩ ውስጥ እስካለ ድረስ ነው። መተግበሪያው ከስልኩ ከተሰረዘ ወይም መረጃው ከቅንብር ውስጥ ከጸዳ ወረፋውም ያልተላኩት ቅጾችም አብረው ሊጠፉ ይችላሉ። ስልኩ «ቦታ አልቆብኛል» ሲል መጀመሪያ የሚሰረዘው ትልቁ መተግበሪያ በመሆኑ ይህ አደጋ ሩቅ አይደለም። ባለሙያው ከስልኩ ቅንብር ገብቶ መተግበሪያውን በግዴታ ካስቆመው ደግሞ ወረፋው ባይጠፋም መተግበሪያው እንደገና እስኪከፈት አይንቀሳቀስም። አንዳንድ የስልክ አምራቾች የሚጨምሯቸው የባትሪ ቆጣቢ ፕሮግራሞችም ተመሳሳይ ውጤት ሊያመጡ ስለሚችሉ የምዝገባ መተግበሪያው ከእነዚህ ገደቦች ነፃ መደረጉን ስልኩ ለባለሙያው ከመሰጠቱ በፊት ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ስልኩ ወንዝ ውስጥ ቢወድቅ ወይም ቢሰረቅ ላይብረሪው የሚያደርገው ነገር የለም። ያልተላከ መረጃ በስልክ ላይ የሚቆይበትን ቀን ማሳጠር ብቸኛው መከላከያ ነው።

በወረፋው የሚጠብቀው መረጃ የአርሶ አደሮች ስም፣ የመሬት መገኛና ፎቶግራፍ በመሆኑ በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሚጠበቅ ነው። በመንገድ ላይ ያለ መረጃ ገና መዝገብ አልሆነም ተብሎ ከጥበቃው ውጭ ሊታይ አይገባም። ስልኩ የይለፍ ቃል እንዲኖረው፣ የተላከው ቅጽ ቅጂም መድረሱ ከተረጋገጠ በኋላ ከስልኩ እንዲነሣ ማድረግ ይመከራል።

ወርክማናጀርም ሆነ ሴለሪ ያለ ክፍያ የሚገኙ፣ ኮዳቸው ክፍት የሆነ ላይብረሪዎች ናቸው። የኮምፒዩተር ትምህርት ዘርፎችን በቴፒ ግቢው የሚያስተምረው ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲን የመሳሰሉ ተቋማት ተማሪዎች ከግቢያቸው ብዙም ሳይርቁ በእውነተኛ ችግር ላይ ሊፈትኗቸው ይችላሉ። ለመተግበሪያ ፍተሻ ከከተማው የኮምፒዩተር ክፍል ይልቅ ኔትወርኩ መጥቶ የሚሄድበት የቀበሌ መንገድ የተሻለ ቤተ ሙከራ ነው። ስልኩን በመላክ መካከል ማጥፋት፣ በመልስ መካከል ኔትወርኩን ማቋረጥ፣ ከዚያም በሰርቨሩ ላይ ስንት መዝገብ እንደ ደረሰ መቁጠር የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው።

መቁጠሩ ለወረዳ ባለሙያዎችም ይሠራል። በየሳምንቱ መጨረሻ ከእያንዳንዱ መዝጋቢ ስልክ ላይ የተጠናቀቁ ቅጾች ቁጥር፣ ከሰርቨሩ ደግሞ በዚያው ባለሙያ ስም የደረሱ መዝገቦች ቁጥር ጎን ለጎን ይጻፋል። ቁጥሮቹ ከተለያዩ ስልኩ ወደ ከተማ መጥቶ መተግበሪያው ተከፍቶ በቻርጅ ላይ ይቀመጣል፤ ወረፋው እስኪያልቅም አይነሣም። ከዚያ በኋላ ልዩነቱ ካልጠፋ የቀሩት ቅጾች መለያ ቁጥር ተወስዶ የየትኛው አርሶ አደር ማሳ እንደሆነ ይለያል፤ ማኅበሩ የዚያን አባል እሸት ቡና ከመረከቡ በፊትም ማሳው እንደገና ይመዘገባል።